ታንክ አዳኞቻችን የት ሄዱ?

ማንኩሳ ሲባል እኛ የከተማ ልጆች ትዝ የሚለን በዛብህ ነው። ዛሬ ግን ከማንኩሳ ተነስተን ስለ ታንክ ልናወራ ነው። አትደንግጡ፣ የፕላስቲክ ታንክ ነው።

ሞዴል መገጣጠም የሚወዱ ሁሉ ሄትዘርን ያውቁታል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1944 በቼክ ፋብሪካዎች ያሠሩት፣ 16 ቶን ገደማ የሚመዝን ታንክ አዳኝ ነው። የሚሽከረከር ማማ የለውም፤ 75 ሚሊ ሜትር መድፉ ግንባሩ ላይ ተተክሏል። የጃፓኑ ታሚያ ይህንኑ 35 ጊዜ አሳንሶ፣ በካርቶን አድርጎ ይሸጠዋል። ልጁ ሙጫውን ይዞ ሲቀመጥ የሂትለር ጦር ታንክ እንዴት ያድን እንደነበር ብሎን በብሎን ይማራል።

ይማር፣ አንቃወምም። የእኛዎቹን ታንክ አዳኞችስ ማን ያስተምረው?

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የጎጃሙ ገዢ የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ከጣሊያን ጋር ገጠመ። ጣሊያን የተመካባት ሲቪ 33 ሁለት ሰው የምትይዝ፣ 3 ቶን ገደማ የምትመዝን ትንሽ ታንክ ነበረች። እሷም ማማ የላትም፤ መትረየሷ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይተኩስም። ባላገሩ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረም፤ እዚያው አይቶ ገባው። ከጎንና ከኋላ ዞሮ ላይዋ ላይ ወጣ። በ8ኛው ቀን ጣሊያን ተከዜ ዳር በዚሁ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ አወረደ።

ማንኩሳን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያስተዋወቁን ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን ተግዘዋል። ማንኩሳም የጣሊያን ምሽግ ነበረባት፤ በ1933 ዓ.ም. የዊንጌት ጌዴዎን ጦርና አርበኞች ከብበው ጠላትን ወደ ደምበጫ ያሸሹት ከዚያ ነው።

«ልጆቹን ከጦር መሣሪያ አርቁልን» የምትል እናት ትኖራለች። እውነቷን ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የጎጃም ልጅ የተኩስ ድምፅ ለመስማት ሞዴል አላስፈለገውም። ግን ሞዴል በአግባቡ ከተሠራ ፉከራ አይደለም። ደምበጉናን የሚሠራ ልጅ በጣሊያን በኩል የተሰለፉትን ኤርትራውያን አስካሪዎችም ማስቀመጥ አለበት። ያኔ «እነሱስ ለምን እዚያ ቆሙ?» ብሎ ይጠይቃል። ከፉከራ የሚሻለው ይሄ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ደግሞ የጃፓን ካርቶን መጠበቅ የለብንም። ሲቪ 33 በሄትዘሩ ልክ ስታንስ 9 ሳንቲ ሜትር ነች፤ ከመዳፍ አትበልጥም። የገጠር ልጅ በሬውን ከነቀንበሩ ከጭቃ ይሠራል፤ ታንኳ አታቅተውም። ትምህርት ቤቶች፣ ሙዚየሞች፣ የሥዕል ተማሪዎች፣ ሥራው የእናንተ ነው። አደራችንን ግን፣ ታንኳን ብቻ ሠርታችሁ እንዳታቆሙ። ላይዋ ላይ የወጣውን ሰውዬ እንዳትረሱት።