መሬቱን ከመሸጣችሁ በፊት!

የዛሬው ደብዳቤ ከአጋሮ የመጣ ነው። የጻፈችልኝ የ22 ዓመት ወጣት ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ቡና በጫነ አይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ወደ ጅማ ሲሄድ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እጁ ደህና ነው፤ ከወገቡ በታች ግን አይንቀሳቀስም፣ አይሰማውም። ሐኪም ቤት "እንቅስቃሴ አሠሩት" ብለውን ነበር፤ እኛ "የማይሰማ እግር ምን ስፖርት ይሠራል?" ብለን ተውነው። አሁን አንድ ዘመዳችን "ውጭ አገር ስቴም ሴል የሚባል መርፌ አለ፣ ተወግቶ ይነሳል" አለን። አባቴ ለቡና መሬታችን ገዢ አግኝቷል። ወንድሜ ደግሞ "አትሽጡ፣ እኔ እንደሆን አልቄያለሁ" ይላል። ጨነቀኝ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፦ መሬቱን አትሽጡ! ወንድምሽም አላለቀም።

ስቴም ሴል ማለት ሥራው ገና ያልለየ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችል ህዋስ ነው። ሐኪሞች ከራሱ ከበሽተኛው ስብ ወይም መቅኒ ወስደው ካባዙት በኋላ መልሰው ይሰጡታል። ወሬው እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። አሜሪካ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሙከራ፣ ከ10 ሰዎች 7ቱ መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል፤ 3ቱ ግን ባሉበት ቀርተዋል። ሙከራው ዋና ዓላማው ህክምናው ጉዳት እንደሌለው ማየት ነበር፤ ማወዳደሪያ ቡድንም አልነበረውም። ጃፓንም በ2018 አንዱን ዓይነት በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳለች፤ እሱም ለትኩስ ጉዳት ነው። ሌሎች ሳይንቲስቶች ማስረጃው አይበቃም ብለው ተችተውታል። አደጋም አለው፦ ከአፍንጫ የተወሰደ ህዋስ ጀርባዋ ላይ የተተከለላት አንዲት ሴት፣ ከ8 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ እጢ በቅሎባት በቀዶ ጥገና ወጥቶላታል። ስለዚህ «ገንዘቡን አምጡ እንጂ ይነሳል» የሚላችሁን አትመኑ።

አሁን ወደ ተዋችሁት ነገር ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፖላንድ ውስጥ፣ በስለት ተወግቶ ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው የአፍንጫ ህዋስ ተተከለለት፤ ቆይቶም በድጋፍ ጥቂት መራመድ ቻለ። ወሬው ሲነገር ግን የሚዘለል ነገር አለ፦ ሰውየው በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት እንቅስቃሴ ይሠራ ነበር! ነርቭ መንገዱን የሚማረው ሲሠራ ነው። እናንተ የቡና አገር ሰዎች ይሄ አይጠፋችሁም፤ ችግኝ ተክለሽ ጥላ ካልሰጠሽው፣ ካልኮተኮትሽው ይጸድቃል? ነገ እውነተኛው መድኃኒት ቢመጣ እንኳ የወንድምሽ መገጣጠሚያ ደርቆ፣ ገላው ቆስሎ ካገኘው ምን ይጠቅመዋል?

በባዶ እግሩ ሮም ላይ የሮጠው ጀግናችን በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። እግሩ አልዳነም፤ እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ተወዳደረ፣ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ ውድድር አሸነፈ። እንቅስቃሴ ማለት መራመድ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ይህን አድርጉ፦

መጀመሪያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወስዳችሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው። አጥንቱ ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል እግሩን በጉልበት አትጠምዝዙ። ባለሙያው ካሳያችሁ በኋላ ግን ጠዋትና ማታ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ዳሌውን ቀስ እያላችሁ አጥፉ፣ ዘርጉ። ሌሊት በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት። ሲቀመጥም በየሩብ ሰዓቱ በክንዱ ተደግፎ መቀመጫውን ያንሣ፤ ክንዱም ይጠነክራል። የአልጋ ቁስል ገዳይ ነው፤ በየቀኑ ጀርባውንና ተረከዙን እዩ። ቡና ሲፈላ ደግሞ እግሩን ከከሰሉ አርቁ፤ ቢቃጠል አይሰማውም።

የመጨረሻው ምክሬ ለአባታችሁ ነው። መሬቱ ይቀመጥ፤ ቡና ሲገባ ሚዛኑንና ሒሳቡን ለልጅዎ ይስጡት። «አልቄያለሁ» ያለ ሰው፣ ጠዋት ተነስቶ የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ንግግሩ ይለወጣል።

እህቴ፣ ከ3 ወር በኋላ ጻፊልኝ። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ግን ራሱ ወንድምሽ ቢጽፈው ደስ ይለኛል።