«ሰላም» ስንት ፊደል ነው?

«ሰላም» የሚለው ቃል ስንት ፊደል እንዳለው ብትጠየቁ፥ ይህስ ለፊደል ቈጣሪ ልጅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። መልሱ ሦስት ነው። ነገር ግን ይህንኑ ቃል በሲ ቋንቋ በጻፋችሁት ፕሮግራም ውስጥ አግብታችሁ፥ ርዝመቱን ስትርሌን በተባለው ትእዛዝ ብታስቈጥሩት፥ ኮምፒዩተሩ ዘጠኝ ብሎ ይመልሳል። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ቋንቋውን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ሲን ያበጀው ዴኒስ ሪቺ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1972 ገደማ፥ ቦታውም ቤል ላቦራቶሪ ነበር። በ1978 ከብራያን ከርኒሃን ጋር ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ቋንቋውም ገና አላረጀም፤ የሊኑክስ ሥርዓት እንኳ በአብዛኛው የተጻፈው በሲ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ትእዛዛችሁን በተራ ጽሑፍ ትጽፉና የፋይሉን ስም መጨረሻ «ነጥብ ሲ» ታደርጋላችሁ። ሥራው ሜይን ከተባለው ክፍል ይጀምራል፤ ቃል በስክሪኑ ላይ እንዲታይ ስትፈልጉ ፕሪንትኤፍ ብላችሁ ታዛላችሁ። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ ይህን ጽሑፍ በቀጥታ አይረዳውም። ስለዚህ ኮምፓይለር የተባለው ተርጓሚ፥ ለምሳሌ በነጻ የሚታደለው ጂሲሲ፥ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ የሚሠራ ሌላ ፋይልም ያወጣል። ሰላምታው የሚታየው ያን ፋይል ስታስነሡት ነው።

ይህ ተርጓሚ ይሉኝታ አያውቅም። በትእዛዙ መጨረሻ የሚደረገውን የፈረንጆች ድርብ ሰረዝ ብትረሱ፥ ወይም በእርሱ ፈንታ የእኛን ድርብ ሰረዝ ብታኖሩ፥ ሥራውን አቁሞ የመሥመሩን ቍጥር ይነግራችኋል። ጀማሪ ሃያ የስሕተት መሥመር ሲያይ ይደነግጣል። ዳሩ ግን አንዱ ስሕተት ሌላውን ይወልዳልና፥ የመጀመሪያውን ብቻ አርሙና እንደ ገና አስተርጕሙ፤ ብዙውን ጊዜ የቀሩትም አብረው ይጠፋሉ። በተጠቀሰው መሥመር ላይ ጥፋት ብታጡ፥ ከእርሱ በላይ ያለውን መርምሩ።

ይህን ሁሉ በደብተር ገልብጦ መሸምደድ ለፈተና ይረዳ ይሆናል እንጂ ባለሙያ አያደርግም። እዚህ ጉለሌ፥ ሽሮ ሜዳ ላይ፥ ያማረ ጥለት ስናይ እንውላለን፤ ሸማኔ የሚሆነው ግን መወርወሪያ የጨበጠው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዘጠኙ እንመለስ። ስትርሌን የሚቈጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝን ፊደል ተቀብሏል፤ ዛሬ በብዛት በሚሠራበት በዩቲኤፍ ስምንት አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፥ አንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ነው።

ነገሩ የክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ፕሮግራም ሠሪ ለባለጕዳይ ስም 20 ባይት መደበ እንበል። አንዱ ባይት ለመዝጊያ ይቀራል፤ በ19ኙ ውስጥ 19 የእንግሊዝኛ ፊደል ሲገባ፥ የእኛ ግን ስድስት ብቻ ይገባል። እንግዲህ «ወልደመድኅን» የተባለ ሰው ቢመጣ የመጨረሻዋ ፊደል ትቈረጥበታለች፤ ሰውየውም በወረቀቱና በመዝገቡ መካከል ሲመላለስ ይውላል።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ ማታ የራሳችሁን ስም በሲ አስቈጥሩ፤ የወጣውንም ለሦስት አካፍሉ። ሌላው በሠራው ፕሮግራም ብቻ የሚጠቀም ሰው ስም ሲቈረጥ አይቶ «ኮምፒዩተሩ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሲን የተማረ ግን 20 የሚለውን 60 አድርጎ እንደ ገና ያስተረጕማል።