ጠባሳ አልባ ቢላዋ

«ጠባሳ አልባ» የሚሉት ቃል ሰሞኑን በዝቷል። ጉንጭን ለማሞላት ሲሊኮን የሚያስገባውን ቀዶ ሕክምና የሚያሻሽጡ ሰዎች በዚሁ ቃል ይምላሉ። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ቃል ሲዋሽ ዝም ብሎ ማለፍ ይቸግረኛል። «አልባ» ማለት «የሌለው» ማለት ነው። ሥጋ ተከፍቶ፣ ባዕድ ነገር ገብቶ፣ በክር ተሰፍቶ፣ ጠባሳ የሌለው? ኧረ የለም! ያለው የተደበቀ ጠባሳ ነው። በሌለና በማይታይ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀው ደግሞ ፊቱን የሰጠው ሰው ነው።

የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ፣ የብረታ ብረትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰፈር ነው። እዚህ ማሽን የሰው ጉንጭ ሲቀድ ቢያንስ «ምልክት አልተውም» ብሎ ቃል አይገባም። አንዲት የጎረቤት ልጅ ግን ዕቁቧ ሲወጣ ጉንጯን ልታሠራ መሆኑን አጫወተችኝ። «ጋሼ፣ የሚቀዱት እኮ በአፍ ውስጥ ነው፤ ምንም የለውም!» አለች። «በሌላ በኩል መቅደድ እንደሚቻልስ ነግረውሻል?» ብላት «ሌላም አለ እንዴ?» አለችኝ። ያናደደኝ ይሄ ነው።

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በላይኛው ከንፈር ውስጥ፣ ከድዱ በላይ ነው። ጠባሳው ከውጭ አይታይም። ይሁን እንጂ አፍ የባክቴሪያ መኖሪያ ነው፤ የገባው ነገር ከተመረዘ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ ይህም ሌላ ቢላዋ ነው። ሁለተኛው ከታችኛው የዓይን ሽፋሽፍት ሥር ነው። መስመሩ ቀጭን ነው፤ ነገር ግን ጠባሳው ሲኮማተር የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ሊጎትተው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓይን በደንብ አይከደንም፣ ይደርቃል። ሦስተኛው ከጆሮ ፊት ለፊት ወይም ከፀጉር ዳር ነው፤ ይህ በአብዛኛው ፊት የመወጠር ቀዶ ሕክምና አብሮ ሲሠራ የሚመረጥ ነው።

እዚህ ላይ የቆዳችን ነገር ይመጣል። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ እያበጠ የሚሄደው ጠባሳ፣ ከነጭ ይልቅ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት፣ ወይም የክትባት ቦታው ያደገባት ሴት ይህን አስቀድማ መናገር አለባት። አፍ ውስጥ ኬሎይድ እምብዛም ስለማይታይ፣ ለእሷ የአፉ መንገድ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይህን መወሰን ያለበት መርምሮና ጠይቆ የተረዳ ሐኪም ነው እንጂ ማስታወቂያ አይደለም።

«ሰው ውበት ቢፈልግ አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በውበቱ አልገባሁም። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናንም አልናቅሁም፤ በየካቲት 12 ሆስፒታል ቃጠሎ ያበላሸው ፊት የሚጠገነው በዚሁ ሙያ ነው። ሙያው ከጠባሳ ጋር የሚታገል እንጂ ጠባሳን የሚክድ አይደለም። ካጁ ሻጩ ነው።

ክህደቱ የሚጎዳው ደግሞ በኋላ ነው። ጠባሳ የለም የተባለ ሰው ጠባሳውን አይንከባከብም። አፉ ውስጥ የተሰፋ ሰው ሐኪሙ ባዘዘው ማጉመጥመጫ አፉን ማጽዳት፣ ለስላሳ ምግብ መብላት፣ ቆሎውንም ሲጋራውንም መተው አለበት። ከውጭ የተሰፋው፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ለወራት የሲሊኮን ጄል ወይም ልጣፍ ይጠቀማል፤ ከፀሐይም ይከላከለዋል። ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስና ቅቤ መቀባት ይቅር። ጠባሳ እስኪበስል ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ኢስታንቡል ተሠርቶ በሳምንቱ ቦሌ የሚያርፍ ሰው፣ ጉንጩ በወሩ ቢያብጥ የማንን በር ሊያንኳኳ ነው?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ ከቢላዋው በፊት አራት መልስ በጽሑፍ ይሰጥ፦ በየት በኩል ትቀዳላችሁ? ለምን በዚያ በኩል? ጠባሳው ወይም የገባው ነገር ቢበላሽ ምን ታደርጋላችሁ? እስከ መቼስ ትከታተሉኛላችሁ? ይህን መመለስ ያቃተው ሐኪም ቤት በር ላይ ደርሶ፣ የዕቁብ ገንዘብን ይዞ መመለስ ነውር አይደለም።