ብረቱን ከማሸከማችሁ በፊት ሰውየውን እዩት!

የቢስቲማ ገበሬ በሬ ሲገዛ አይታችሁ ከሆነ እናንተው ፍረዱ። ዋጋ ሰምቶ ብቻ ብሩን አይቆጥርም። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። ከፊት ያያል፣ ከጎን ያያል፣ ዞሮ ከኋላ ያያል። ከዚያ «እስቲ ንዳው!» ይላል። በሬው ሲራመድ እግሩን ይጎትት እንደሆነ፣ ወደ አንድ ጎን ያዳላ እንደሆነ፣ ሰኮናው መሬት ሲነካ ይሸሽ እንደሆነ ያጤናል። ቀንበር ሊጭንበት የሚወስነው ይህን ሁሉ አይቶ ነው። ሰውየው ኮሌጅ አልገባም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የምስክር ወረቀትም የለው። ግን ባልታየ ጫንቃ ላይ ቀንበር እንደማይጫን ከአባቱ ተምሯል።

አሁን ከወረባቡ ተነሡና ደሴ ዝለቁ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁም ኮምቦልቻ ግቡ። ጂም የሚባለው ነገር ሞልቷል። እሰየው ነው! ወጣቱ ቀኑን ሙሉ ጎዳና ዳር ተቀምጦ ከሚውል ብረት ቢያነሳ ማን ይጠላል? ሙዚቃው ይደለቃል፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ብረቱ ተደርድሯል። ግን ወገኖቼ፣ እዚያ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ሰው የበሬውን ያህል እንኳ አይታይም። ይህን ምን እንበለው?

ደርሶብኝ ነው የምናገረው። ስሙን በማልጠራው አንድ ቤት ተመዝግቤ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የወር ክፍያና ስልክ ቁጥር ተጠየቅሁ። ሥራህ ምንድነው? ተሰብረህ ታውቃለህ? የሚያምህ ቦታ አለ? ያለኝ ግን የለም። አሠልጣኙ ደረቱ የተነፋ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ልጅ ነው። ብረቱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና «አብሽር ወንድሜ፣ ውረድ!» አለኝ። ወረድኩ። ተረከዜ ከመሬት ተነሣ፣ ጉልበቶቼ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ወገቤ እንደ ቀስት ጎበጠ። እኔ በመስታወቱ አየሁት፤ እሱ ግን የሚያየው ስልኩን ነበር። በሦስተኛው ቀን ወገቤን ያዘኝ ብለው «ካላመመህ አልሠራህም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

አጠገቤ ስኳር አለብዎት ተብለው እንቅስቃሴ የታዘዘላቸው አንዲት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ጉልበቴን እኮ ነው» ይሉታል። «እማማ፣ ይለምድዎታል» አላቸው። ከዚያ ሳምንት በኋላ እሳቸውንም አላየኋቸው።

ልጁን ብቻ መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እሱንስ ማን አስተማረው? ስልክ ላይ ፈረንጅ ሲዘል አይቶ ነው አሠልጣኝ የሆነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይላል ያገሬ ሰው። ችግሩ የምትታነቀው ዶሮዋ ሳትሆን ደንበኛው መሆኑ ነው!

ማየት ማለት ምንድነው?

ይህ ረቂቅ ጥበብ አይደለም፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ሃያ ደቂቃና አስተዋይ ዓይን ይበቃዋል።

መጀመሪያ ጠይቁ። ሥራው፣ የቆየ ስብራቱ፣ ቀዶ ጥገናው፣ የደም ግፊቱ፣ የልቡ ነገር፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ለሴት ደግሞ እርግዝናና ወሊድ። ቀጥሎ ጫማውን አውልቆ እንደ ልማዱ ይቁም፤ «ቀጥ በል» አትበሉት። ቀጥ በል ከተባለማ ለእናንተ ሲል ይወጠራል፤ እውነተኛው አቋሙ ይደበቃል። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ይራመድ። በመጨረሻ ምንም ብረት ሳይዝ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ይበል። እናንተም እንደ በሬ ገዢው ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ እዩት። ተረከዙ ይነሣል? የውስጥ እግሩ መሬት ላይ ይደፋል? ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል? ወገቡ ይጎብጣል ወይስ ከልክ በላይ ይሰረጉዳል? እጁ ወደ ፊት ይወድቃል? ክብደቱን አንድ እግር ላይ ብቻ ይጥላል?

ምልክቱን ማየት ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ምክንያቱን ማግኘት ነው። ከተረከዙ ሥር ስስ ጣውላ አስገቡና እንደገና ቁጭ ብድግ ይበል። ወገቡና ጉልበቱ ከተስተካከለ ጠርጥሩ፤ ነገሩ የወገብ ሳይሆን የቁርጭምጭሚት መድረቅ ወይም የባት ጡንቻ ማጠር ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚገባውን ደግሞ «ጉልበትህን ወደ ትንሿ የእግር ጣትህ አቅጣጫ ምራው» በሉት። ወዲያው ካስተካከለው አቅም አላነሰውም ማለት ነው፤ የነገረው ሰው ነው ያጣው። ተነግሮትም ካቃተው የዳሌውን ጎን ጡንቻ ማጠንከር ያስፈልገው ይሆናል። ያላወቀና ያልቻለ አንድ አይደሉም፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ሥራውንም አብራችሁ እዩ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ወጣት ሴቶች የስፌት ሥራ ይዞ መጥቷል። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አንገቷን ደፍታ የዋለች ልጅ ማታ ጂም ስትመጣ እንደገና የሚያጎነብሳት ልምምድ ነው የሚጠብቃት? የሐረጎን ዳገትና ቁልቁለት በቀኝ እግሩ ነዳጅና ፍሬን ሲረግጥ የዋለው ሹፌርስ? ከልጅነቷ ጀምሮ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 20 ኪሎ ውሃ፣ በጀርባዋ ያዘለችው የገጠር ልጅስ? እሷን ወደ ፊት አዘንብላ ቆመች ብሎ መሳቅ ነውር ነው። ያ ዘንበል ማለት ሸክሙን የቻለችበት ዘዴ ነው።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ መፈተኛውን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ሙስሊሙን «ሱጁድ ወርደህ ስትነሣ የቱ ጋ ይይዝሃል?» ክርስቲያኑን «በዐቢይ ጾም ስትሰግድ ጉልበትህ ነው ወገብህ የሚያስቸግርህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቡና የምታፈላዋን «ቁጢጥ ብለሽ እጅሽን ሳትደገፊ ትነሻለሽ?» በሏት። ከፈረንጅ ቅጽ ይልቅ ይህ ጥያቄ ፈጥኖ እውነቱን ያወጣዋል። ወሎዬ ህመሙን ሲጠየቅ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለ ሶላቱና ስለ ስግደቱ ሲጠየቅ ግን በትክክል ይነግራችኋል።

አቋም ቸርቻሪዎችም አሉ!

ሌላም አደጋ አለ። ጨርሶ የማያየው እንዳለ ሁሉ አይቶ የሚያስፈራራም መጥቷል። «ትከሻህ እኩል አይደለም፣ ዳሌህ ተጣሟል፣ በዚህ ከቀጠልክ ሽባ ትሆናለህ» እያለ የስድስት ወር ክፍያ የሚያስፈርም! ኧረ ለመሆኑ ፍጹም ቀጥ ያለ ሰው የት ታይቶ ያውቃል?

ኃይሌ ገብረሥላሴን አስታውሱ። በአርሲ ልጅ ሳለ ደብተሩን ይዞ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው። ካደገ በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ታጥፎ ቀረ። በዚያችው በታጠፈች ክንድ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። በ2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አንዱ አቋም ቸርቻሪ በወጣትነቱ አግኝቶት ቢሆን «ክንድህን ሳናቃና አትሮጥም» ብሎ ስንት ወር ባስቀመጠው ነበር! ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው።

በሠለጠነው ዓለምም ይህ ክርክር አልቀረም። «ፈንክሽናል ሙቭመንት ስክሪን» የሚባል ታዋቂ ምዘና አለ። ሰባት እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ21 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ እግር ኳስ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ላይ የወጣ ጥናት 14 እና ከዚያ በታች ያገኙት የበለጠ ተጎድተዋል አለና ጉድ ተባለ። በኋላ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ግን ነጥቡ ማን እንደሚጎዳ በመተንበይ በኩል ደካማ ሆኖ ተገኘ። እንግዲያው ምዘና ጥንቆላ አይደለም። የሚጠቅመው ከየት እንደምንጀምር፣ ምን ያህል እንደምንጭንና ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የሚታረመው ዓይን ያልወደደው ሁሉ ሳይሆን ሰውየውን የሚያመው፣ ሥራውን የሚያውከው፣ ሸክም ሲጨመርበት የሚብሰው ነው። ሌላውን ተዉለት።

ሲያርሙስ እንዴት?

ሠልጣኙ ብረት ተሸክሞ ላቡን እያፈሰሰ «ወገብህን! ጉልበትህን! አገጭህን! ተንፍስ!» ብሎ መጮህ እርማት አይደለም፤ ግርግር ነው። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነገረው። ጋብሪኤለ ዎልፍ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳየችው ነገር አለ፤ ሰው ስለ ገዛ ጡንቻው ከሚያስብ ይልቅ ከሰውነቱ ውጭ ባለ ነገር ላይ ሲያተኩር እንቅስቃሴን ቶሎ ይማራል። «የጭን ጡንቻህን ጨብጥ» ከማለት «መሬቱን ገፍተህ ተነሥ» ማለት ይሻላል። ብረቱ ይቅለል፤ እንቅስቃሴው ሲያምር ይጨመር። ሰውየው ከፈቀደ በስልክ ይቀረጽና ራሱን ይይ። ከአራት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ያው ቁጭ ብድግ ይደገም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!

ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ሳያስፈቅዱ የሰው ወገብ መያዝ ምን ይሉት ሥልጣኔ ነው? ሴቶች እህቶቻችን ከነሒጃባቸው፣ ከነሰፊ ልብሳቸው ሊታዩና ሊታረሙ ይችላሉ። ጉልበትና ተረከዝ የት እንደሚሄድ ለማየት ማንንም ማራቆት አያስፈልግም። ሴት አሠልጣኝ መቅጠርም ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉ በላይ መቼ ማቆም እንዳለባችሁ እወቁ። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ሌሊት የማያስተኛ ህመም የአሠልጣኝ ጉዳይ አይደለም፤ የሐኪም ነው። ሽንት መቆጣጠር ካቃተውማ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል! በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት አልፎባቸዋል። ዛሬ ከጎናችን ብረት የሚያነሳው ወጣት ልብሱ የሸፈነው ጠባሳ፣ ያልወጣ ፍንጣሪ ሊኖርበት ይችላል። ካልተጠየቀ አይናገርም። ሳይጠይቁ የሚጭኑበት ምን ልብ ቢኖራቸው ነው?

አሁን የምጠይቀው ግልጽ ነው። ፈቃድ የምትሰጡ ሹማምንት፣ ክፍሉን ለክታችሁ፣ ግብሩን ተምናችሁ ስታበቁ «አሠልጣኙ ማነው? ምን ያውቃል?» ትላላችሁ ወይ? ካላላችሁ ዛሬ ጀምሩ። የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር ነው። ለአሠልጣኞች አጭር ሥልጠና ስጡልን ብሎ መጠየቅ ስንት ያስወጣል? ባለንብረቶችም ከአዲስ ድምፅ ማጉያ በፊት የመጀመሪያዋን ሃያ ደቂቃ በነፃ አድርጓት። ያልተጎዳ ደንበኛ ይመለሳል፤ ትርፉ የእናንተው ነው።

አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም እህቴ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «መጀመሪያ ታየኛለህ ወይስ ታሸክመኛለህ?» መልሱ ካላማራችሁ ውጡ። የጦሳን ዳገት በእግር መውጣት ክፍያ የለውም።

ቸር ይግጠመን።

ከቢስቲማ