ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የማንም ፓርቲ ሰልፈኛ አይደለም



ባለሥልጣን ሲመጣ ትምህርት ተቋርጦ ተማሪ ትንሽ ባንዲራ እየተሰጠው ፀሐይ ላይ የሚደረደርበትን ልማድ የማያውቅ ወላጅ በመካከላችን የለም። እንግዳው መድረክ ላይ ይወጣና ስለ መንግሥቱ ስኬት ይናገራል፤ ልጁም ያጨበጭባል። አጨብጭብ ያለው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ልማዱን ብልጽግና ብቻውን አላመጣውም። በጃንሆይ ዘመን ተማሪ መንገድ ዳር ተሰልፎ እጅ ይነሣ ነበር። ደርግ ልጆችን በሰልፍ መፈክር አስጮኸ። ኢሕአዴግ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በየግቢው ሰብስቦ የራሱን ፖሊሲ ሥልጠና ብሎ አስጠናቸው። ይህን ያደረገው ራሱ ያጸደቀው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2፣ ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ እያዘዘ ነው። አንቀጹ ዛሬም አልተሻረም። የሚያነበው ጠፋ እንጂ!

«መሪ ልጆችን ቢመክር ምን ክፋት አለው?» ይሉናል። ምክሩ ክፋት የለውም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በጳጉሜን 2001 ዓ.ም. ለአገሪቱ ተማሪዎች በቴሌቪዥን ንግግር ሊያደርግ ሲነሣ አገሩ በክርክር ታመሰ። ጠቡን ያባባሰው ከትምህርት ሚኒስቴሩ የወጣ መምሪያ ነበር፤ ተማሪዎች ፕሬዚዳንቱን በምን እንደሚረዱት እንዲጽፉ ይጠይቅ ነበርና። ወላጅ ጮኸ፣ መምሪያውም ታረመ። የንግግሩ ቃል ከቀኑ አስቀድሞ ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ልጄ አይስማ ያለ ወላጅ በብዙ ቦታ መብቱ ተጠበቀለት። በመስከረም 1984 ዓ.ም. ጆርጅ ቡሽ ከአንድ ትምህርት ቤት ሆኖ ለተማሪዎች ሲናገርም ተቃዋሚዎቹ ዴሞክራቶች በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የምርጫ ማስታወቂያ ነው ብለው ሞግተውታል። ከተቃውሞው ግማሹ የፓርቲ እልህ እንደነበር አንክድም። ቢሆንም ወላጅ ሲጠይቅ መንግሥት መልስ ሰጥቷል። እኛ ዘንድ ማን ይጠይቃል? ርዕሰ መምህሩን የሚሾመውም የሚያነሣውም ያው ሰብሳቢው አካል ነው። መምህሩ እንቢ ቢል ግምገማ ይጠብቀዋል።

በሐዋሳ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። በአንድ ዴስክ ላይ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የአማራ፣ የጉራጌና የኦሮሞ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ፖለቲከኛ በዚያ ክፍል ፊት ቆሞ «የእኛ ሕዝብ» ሲል አንዱ ልጅ ቀና ይላል፣ ሌላው ያቀረቅራል። ይህች ከተማ በሰኔ 2010 እና በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ደም ፈስሶባታል፤ ቃል ምን እንደሚያቃጥል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የክልል መዝሙርና ባንዲራ በትምህርት ቤቶች ግቢ ክርክር ባስነሣ ጊዜ የተጎዱትና የታሰሩት ተማሪዎች ነበሩ። ውሳኔውን ያሳለፉት ሹማምንት ግን ጭረት እንኳ አልነካቸውም።

በሰልፍ የሚባክነው የትምህርት ሰዓትስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ ተብሎ የተነገረን 8.4 በመቶ ነው። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚወድቅበት አገር ተማሪውን ለጭብጨባ ከክፍል ማስወጣት ምን ይባላል?

ፓርቲያችን ቢመረጥ ማንም ባለሥልጣን በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳያሰልፍ በሕግ ይከለክላል። ለተማሪ መናገር የሚሻ መሪ ንግግሩን አስቀድሞ ለወላጆች ኮሚቴ ያቀርባል፤ ልጁን ማስቀረት የፈለገ ወላጅ ያስቀራል፤ ልጁን ላላመጣ መምህርም የደመወዝ ቅጣትም ሆነ ዝውውር አይኖርም። ሕጉ እኛንም ያስራል። ከዛሬ ጀምሮ የእኛ እጩ በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ልጆችን ሲቀሰቅስ ካያችሁት ለቢሮአችን ንገሩን፤ ካላረምነው ድምፃችሁን ንፈጉን።