ገዳዩ የጠፋበት ዜና



አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ አፍጋኒስታን ለመዝመት ስትዘጋጅ ለዘመቻዋ መጀመሪያ ያወጣችለት ስም «ወሰን የለሽ ፍትሕ» የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ፍትሕ የአላህ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ከሙስሊሞች ሲነሳ፣ ስሙ በቀናት ውስጥ «ዘላቂ ነፃነት» ተብሎ ተቀየረ። ስሙ ተቀየረ እንጂ ቦምቡ አልቀረም።

ስም ማውጣት የጦርነቱ አንድ አካል ነው። «ነፃነት» የተባለን ዘመቻ የሚቃወም ሰው ገና አፉን ሳይከፍት የነፃነት ጠላት ይመስላል። በ2003 የኢራቅ ወረራም «የኢራቅ ነፃነት» ተብሎ ሲጀመር፣ አንዳንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጦሩ ያወጣውን ስም እንዳለ የዘገባቸው ርዕስ አደረጉት። ተመልካቹ ክርክሩን ከመስማቱ በፊት ፍርዱን አነበበ ማለት ነው።

ቃላት ሟቾችንም ይሰውራሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2015 የአሜሪካ የጦር አውሮፕላን በአፍጋኒስታን ኩንዱዝ ከተማ የድንበር የለሽ ሐኪሞችን ሆስፒታል ደበደበ። ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሕሙማንን ጨምሮ 42 ሰዎች ተገደሉ። የጦሩ የመጀመሪያ መግለጫ ግን ጥቃቱ በአቅራቢያው ባለ የሕክምና ተቋም ላይ «ተጓዳኝ ጉዳት» አድርሶ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነበር የገለጸው። በዚህ ሐረግ ውስጥ አልጋው ላይ የተቃጠለው ሕመምተኛ የት አለ?

በአማርኛችንም ልዩነቱ ግልጽ ነው። «ሰዎች ሞቱ»፣ «ሰዎች ተገደሉ»፣ «እገሌ ሰዎችን ገደለ» የሚሉት ሦስቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሞትን የአጀል ጉዳይ ብቻ ያስመስለዋል፤ ሁለተኛው ግድያውን አምኖ ገዳዩን ይደብቃል፤ ተጠያቂ የሚያደርገው ሦስተኛው ነው። የውጭ ዜና ሲተረጎም ገዳዩ በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ይቀራል።

ሚዛኑ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» አለችው፤ ስለ ጦሩ «ሐሰተኛ መረጃ» ያሠራጨ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግም አወጣች። ምዕራባዊውን ሽንገላ ነቅሰን ይህንን ብናልፍ የተቃወምነው ውሸትን ሳይሆን ዋሺውን ብቻ ነው። የምንወደው ወገን የገደለውም ሰው ተገድሏል።

በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል። ማጣራት ወሬው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ በመጠየቅ ብቻ አያበቃም፤ ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣም መጠየቅ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም ግሩፖቻችን ዜና ከማጋራታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን አደረገው? በማን ላይ? ይህን ስም ያወጣለት ማን ነው? መልሱ ዜናው ውስጥ ከሌለ ፈልገን እንጨምርበት፤ ካላገኘነው አናሠራጨው።

አላህ እውነትን እንደ እውነት አይተው ከሚከተሉት ያድርገን። አሚን።