ወንድ ልጅ የሚያድገው መቼ ነው?

ተማሪዎችን «ከተመለከታችኋቸው ፊልሞች የትኛውን ትወዳላችሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ መምህር የሚሰጠው መልስ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም። የፊልሙ ስም ይለያያል፤ ታሪኩ ግን ያው ነው። የአንድ ልጅ አባት በክፉ ሰዎች እጅ ይሞታል። ልጁ ወደ ሩቅ ተራራ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ የድብድብ ጥበብ ይማራል። ክንዱ ይጠነክራል፣ ፊቱ ይኮሳተራል፤ ከዚያም ተመልሶ የአባቱን ደም ይመልሳል። ቀድሞ በሲኒማ ቤት፣ በኋላ በቪዲዮ ቤት፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ የሚታየው ይኸው ታሪክ ነው። ተመልካቹም «አሁን ገና ወንድ ሆነ!» ብሎ ረክቶ ከመቀመጫው ይነሣል።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዲህ ያሉትን ፊልሞች እያጨበጨብኩ ተመልክቻለሁ፤ ስለዚህ የምትወዱትን ልነቅፍባችሁ አልተነሣሁም። ይሁን እንጂ እነዚህ ፊልሞች በአንድ ነገር ይዋሻሉ ብዬ አምናለሁ። ይኸውም ወንድ ልጅ የሚያድገው ሌላውን ሰው መትቶ በጣለ ዕለት ነው ማለታቸው ነው። ስለ ልጅነት ተሠርተው በዓለም ከታወቁት ፊልሞች መካከል ጥቂቶቹን ብትመለከቱ የምታገኙት የዚህን ተቃራኒ ነው። በእነዚያ ፊልሞች ልጁ አደገ የሚያሰኘው የሌላውን ጭንቀት እንደ ራሱ ጭንቀት አድርጎ መሸከም በጀመረ ጊዜ ነው። ማንንም አይጥልም፤ ብዙውን ጊዜም አይሳካለትም።

ከአገራችን ፊልም ልጀምር። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ርእሱ በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ማለት ነው። ባለታሪኩ ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነው። እናቱ ሞታበታለች፤ አባቱም በድርቅ ምክንያት ከሩቅ ዘመዶች ዘንድ አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከልጁ ጋር የሚቀረው አንድ የሚወደው በግ ብቻ ነው። ኤፍሬም ምግብ መሥራት ይወዳል፤ ሳምቡሳ አዘጋጅቶም በገበያ ይሸጣል። አጎቱ ግን ወጥ ቤት ገብቶ ማብሰል የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ለመጪው በዓልም የልጁ በግ እንዲታረድ ይወስናል።

እዚህ ላይ አጎትየውን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትፈርዱበት እለምናችኋለሁ። መሬቱ ጠፍ ነው፤ የሚያበላው ቤተሰብ አለው፤ ልጁንም የሚያሠለጥነው እርሱ ራሱ በሠለጠነበት መንገድ ነው። በገጠር ያደጋችሁ ሁሉ ከእጃችሁ እየበላ ያደገ ጠቦት ለበዓል ሲጎተት ማየት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «አታልቅስ፣ አንተ ወንድ አይደለህም?» የሚለውንም ቃል ሰምታችኋል። ፊልሙ የሚጠይቀው ይህን ቃል ነው። ቢላዋ ያልፈራ ልጅ ነው ወንድ? ወይስ አንድን ነፍስ ለማትረፍ ሌሊት የሚያስብ፣ ቀን የሚሸጥ፣ ሳንቲም የሚቋጥር? አዘጋጁ መልሱን በቃል አይናገርም፤ ልጁን ግን ከዓይናችን አያርቀውም።

ጉዳዩ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አሁን ወደ ሮም እንሻገር። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 «የቢስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ያዘጋጀው ኢጣልያ ከጦርነት ወጥታ በሥራ አጥነት በምትማቅቅበት ዘመን ነበር። አንቶኒዮ የሚባል የቤተሰብ አባት በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ግን ቢስክሌት ይጠይቃል፤ ቢስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋቸውን አንሶላዎች በምትኩ አስይዛ ቢስክሌቱን ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ግን ይሰረቃል። አባትና ልጅ እሑድን በሙሉ ከተማውን ሲያስሱ ይውላሉ። ልጁ ብሩኖ ገና ሕፃን ቢሆንም በነዳጅ ማደያ እየሠራ ቤቱን የሚረዳ ነው። አባቱን ሆኖ የሠራውም ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ድካሙ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

በመጨረሻ አንቶኒዮ ተስፋ ይቆርጣል። ልጁን ወደ ቤት ሂድ ብሎ ካሰናበተ በኋላ በር ላይ የቆመ የሌላ ሰው ቢስክሌት ሰርቆ ይሸሻል፤ ሰዎች ተሯሩጠው ይይዙታል፤ ይሰድቡታል፤ በጥፊ ይመቱታል። ብሩኖ አልሄደም ነበርና ይህን ሁሉ ያያል። በሕዝቡ መካከል ገብቶ እያለቀሰ የአባቱን ልብስ ይይዛል፤ ከመሬት የወደቀውንም የአባቱን ባርኔጣ አንሥቶ አቧራውን ያራግፋል። የቢስክሌቱ ባለቤት የልጁን ፊት ተመልክቶ ክሱን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በመንገድ ሲሄዱ አባት ያለቅሳል፤ ልጅም እጁን በአባቱ እጅ ውስጥ ያስገባል።

እስቲ አስቡት፤ ያ ልጅ ጠዋት ከቤት ሲወጣ አባቱ የማይሸነፍ ሰው መስሎት ነበር። ማታ ሲመለስ አባቱ ሌባ ተብሎ በአደባባይ ሲዋረድ አይቷል። በበቀል ፊልም ቢሆን ኖሮ ልጁ ይህን ያደረጉትን ፊቶች አንድ በአንድ በልቡ መዝግቦ ይሄድ ነበር። ብሩኖ ግን ያነሣው ባርኔጣ ነው። በእኔ አስተያየት በሲኒማ ታሪክ አንድ ልጅ ሰው ሲሆን በግልጽ የታየበት ጊዜ ቢኖር ያች ባርኔጣ የተነሣችበት ጊዜ ናት።

ከመካከላችሁ አንዱ «መምህር፣ እንዲህ ያለ ፊልም ያሰለቻል፤ ምንም ነገር አይከናወንበትም» እንደሚል አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንድ ጊዜ ሰዓቴን ተመልክቻለሁ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሊንክሌተር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ቦይሁድ» ማለት «ልጅነት» የተባለው ፊልም ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ነው። አዘጋጁ ከ2002 እስከ 2013 ድረስ በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ያንኑ ልጅ እየቀረጸ ከ6 ዓመቱ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ተከታትሎታል። ግድያ የለም፤ ሀብት አይወረስም። ነገር ግን የልጁ ድምፅ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲጎረንን፣ አገጩ ሲረዝም፣ ለእናቱ የሚሰጠው መልስ ሲያጥር ታያላችሁ። ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ሻንጣውን ሲሸክፍ እናትየው በድንገት ታለቅሳለች፤ እርሱም ያን ጊዜ ግራ ተጋብቶ ይመለከታታል። እድገት በአንድ ቀን የሚፈጸም ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ደግሞም ሁሉም ልጅ ይህን ደረጃ አይደርስም። የፈረንሳዩ ፍራንሷ ትሩፎ እ.ኤ.አ. በ1959 በሠራው «አራት መቶዎቹ ምቶች» በተባለው ፊልም አንቷን የሚባለው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ለመምህሩም እናቴ ሞታለች ብሎ ይዋሻል። ከእንጀራ አባቱ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ይሰርቃል፤ የሚያዘው ግን ሲሰርቅ ሳይሆን መልሶ ሊያስቀምጥ ሲገባ ነው። የእንጀራ አባቱም ራሱ ወስዶ ለፖሊስ ያስረክበዋል። ልጁ በኋላ ከታሰረበት ተቋም አምልጦ እስከ ባሕር ዳርቻ ይሮጣል፤ ፊልሙም በዚያው ፊቱ ላይ ደርቆ ይቆማል። እርሱን ማንም አልተሸከመውም፤ እንግዲህ ሌላውን መሸከም ከየት ይማራል?

ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ፊልም ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። የኢራኑ አዘጋጅ አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው «የጓደኛ ቤት የት ነው?» የተባለው ነው። ቦታው በሰሜን ኢራን የምትገኝ ኮከር የተባለች የገጠር መንደር ነች። አንድ መምህር የቤት ሥራውን በደብተሩ ላይ ሳይሆን በብጣሽ ወረቀት ሠርቶ የመጣ ተማሪ ያገኛል። ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ሌላ ጊዜ ከደገመ ከትምህርት ቤት እንደሚያባርረውም ይዝትበታል። ልጁ ያለቅሳል። አጠገቡ የሚቀመጠው አህመድ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጓደኛውን ደብተር በስሕተት ይዞ መምጣቱን ይረዳል፤ የሁለቱ ደብተር ሽፋን አንድ ዓይነት ነውና። ጓደኛው ነገ ያለ ደብተር ከመጣ ይባረራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ ደብተሩን ለመመለስ የሚደረግ ሩጫ ነው። አህመድ ለእናቱ ደጋግሞ ያስረዳታል፤ እርሷ ልብስ ታጥባለች፣ ሕፃን ታባብላለች፤ «የቤት ሥራህን ሥራ» ከማለት በቀር አትሰማውም። ዳቦ እንዲገዛ ሲላክ ደብተሩን ደብቆ፣ ጠመዝማዛውን የኮረብታ መንገድ እየሮጠ፣ ጓደኛው ወደሚኖርበት ወደ ሌላው መንደር ይሄዳል። ቤቱን አያውቀውም። ሲመለስ አያቱ አስቁመው ሲጋራ እንዲያመጣላቸው ይልኩታል። ሲጋራው በኪሳቸው አለ፤ የሚልኩት ልጅ መታዘዝን እንዲለምድ ብለው ነው። በዚህ ፊልም አዋቂዎች ሁሉ ይናገራሉ፤ የሚያዳምጥ ግን የለም ለማለት ይቻላል። በሮችን ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ብቻ በጨለማ ቀስ እያሉ አብረውት ይሄዳሉ፤ በደብተሩ ውስጥ እንዲያስቀምጣትም አንዲት አበባ ይሰጡታል።

አህመድ የጓደኛውን ቤት ሳያገኝ ይመለሳል። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንዱን በራሱ ደብተር፣ ሌላውን በጓደኛው ደብተር። በማግሥቱ ዘግይቶ ክፍል ይገባል፤ መምህሩ ከመድረሱም በፊት ደብተሩን ለጓደኛው ያቀብለዋል። መምህሩ ገጹን ይገልጣል፤ አበባይቱ በመካከሉ ተጋድማለች። አርሞ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ ለክፍል ተማሪዎች የሚጽፍ ሰው ከዚህ ፊልም አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ችግሩንም ከእናንተ አልደብቅም። አህመድ ለእናቱ አልታዘዘም። መምህሩንም አታልሏል፤ የሌላውን የቤት ሥራ መሥራት በእኛ ትምህርት ቤቶች ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ታዲያ እኔ አለመታዘዝን አወድሳለሁን? ነገሩን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የመጣልኝ መልስ ይህ ነው፤ አህመድ ያጠፋው ጥፋት አለ፤ ቢቀጣም አይበደልም። ነገር ግን ለራሱ አንዳች አላተረፈም፤ ቅጣቱንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ከፍርሃቱ ይልቅ የጓደኛው ፍርሃት ስለ ከበደበት ሄደ። ይህን ከተራ እምቢተኝነት የማይለይ መምህር ካለ፣ እርሱ ነው ፊልሙን ደግሞ ማየት የሚያስፈልገው።

ይህን በድፍረት የምናገረው እኔ ራሴ እንደዚያ መምህር ስለ ነበርሁ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ በማስተምርበት ዘመን፣ ከሰዓት በኋላ በሚማረው ፈረቃ አንድ ረጅም ዝምተኛ ተማሪ ነበረኝ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያለ ደብተር ይመጣ ነበር። «ደብተርህ የት አለ?» ስለው መሬት መሬት ያያል። ሦስት ጊዜ ከክፍል አስወጣሁት፤ ከበሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ በመስኮት እያዳመጠ ይውላል። ሰነፍና ግትር ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

አንድ ቀን ደብተሮችን ለማረም ሰብስቤ ሳለሁ የእርሱ ከእጄ አምልጦ ተገልብጦ ወደቀ። ሳነሣው ከኋላ በኩል ተከፈተ። ከፊት የእኔ ሰዋስው በጥንቃቄ ተጽፎበታል፤ ከኋላ ደግሞ በተገለበጠው ገጽ ላይ፣ በትላልቅ ጠማማ መስመሮች፣ ሀ ሁ ሂ ሃ። ታናሽ ወንድሙ በጠዋቱ ፈረቃ አንደኛ ክፍል ይማር ነበር። ለሁለት አንድ ደብተር ነበራቸው፤ የሚቀባበሉትም መንገድ ላይ ነው። ሕፃኑ እየተጫወተ የዘገየ ዕለት ታላቁ ያለ ደብተር ይመጣል። እውነቱን ቢነግረኝ ሕፃኑን አስጠርቼ የምቀጣው መስሎት እንደ ነበር ኋላ ከሌሎች ተማሪዎች ሰማሁ።

በዚያን ዕለት ግን እኔም ገጹን ከፊት በኩል መልሼ ገለጥሁ፤ በቀይ ቀለም «ደህና ነው» ብዬ ጻፍሁበት፤ ደብተሩንም ከሌሎቹ ጋር ደርቤ አስቀመጥሁት።